ፈቃዱ ከመታደሱ በፊት

ኦገስት 19 ቀን 2024 የዋሽንግተን ዲሲ የቻርተር ትምህርት ቤቶች ቦርድ ለስብሰባ ሲቀመጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረበለት፦ ገንዘብ ያጠረውን ኢግል አካዳሚን ፍሬንድሺፕ የተባለው ትልቅ የቻርተር ድርጅት ይረከበው ወይስ አይረከበው? ቦርዱ አይሆንም አለ። በዚያው ኢግል ተዘጋ። የትምህርት ዘመኑ ሊከፈት የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ከሦስት ዓመት ሕፃን እስከ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ 350 ገደማ ልጆች ትምህርት ቤት አልባ ሆኑ። ወላጆቻቸውም የሌላው ሰው ልጅ ቦርሳውን በሚያዘጋጅበት ሳምንት ክፍት ቦታ ፍለጋ መዞር ያዙ። (በዚህ ዘገባ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢግል በአንድ ሌሊት አልወደቀም። በ2003 ተከፍቶ ሃያ ዓመት ልጆች ያሳደገ ትምህርት ቤት ነው። የተማሪዎቹ ቁጥር ግን እየቀነሰ መጥቶ ነበር፤ በዲሲ ደግሞ በጀቱ የሚከተለው ልጁን ነው። በኦክቶበር መጀመሪያ በሚደረገው ቆጠራ መዝገቡ ላይ የተገኘ ልጅ ገንዘብ ያመጣል፣ ያልተገኘ አያመጣም። ታዲያ ቁጥሩ ሲያንስ ወጪው ግን አልቀንስ ሲል፣ እዚያው ቤት ውስጥ ሠንጠረዡን ፊቱ ዘርግቶ «በዚህ ከቀጠልን ከሁለት ዓመት በኋላ የት ነን?» ብሎ የጠየቀ ማን ነበር? ከተዘጋ በኋላ ጣት የተቀሰረው ወደ ፈቃድ ሰጪው ቦርድ ነው፤ በከተማው ምክር ቤትም አደጋውን ለምን ቀድሞ እንዳላየው ተጠይቋል። መጠየቁ ተገቢ ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ከውጭ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሚያየው በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል የሚሠራው በየቀኑ ቤቱ ውስጥ ለሚውል ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን ማየት ከተማረ።

ማየት ደግሞ ይማሩታል። ይህ ዘገባ የሚያወራው ስለዚያ ትምህርት ነው።

ቻርተር ትምህርት ቤት እኛ በለመድነው አከፋፈል የመንግሥት ነው ወይም የግል ነው ለማለት ያስቸግራል። የትምህርት ክፍያ የለውም፤ ወጪው የሚሸፈነው ከሕዝብ ግብር ነው። ካለው ቦታ በላይ አመልካች ከመጣ በዕጣ ይለያል እንጂ ፈትኖ አይመርጥም። አስተዳደሩ ግን በራሱ ቦርድ እጅ ነው፦ መምህር ይቀጥራል፣ መጻሕፍቱን ይመርጣል፣ ልጆቹ ስንት ሰዓት እንደሚማሩ ይወስናል። ለዚህ ነፃነት በምላሹ ውል ይፈርማል። ቻርተር የሚባለው ይህ ውል ነው። በተወሰነ ዘመን ውስጥ ምን ውጤት እንደሚያመጣ ቃል ይገባበታል፤ ቃሉን ካልጠበቀ ፈቃድ የሰጠው አካል ሊዘጋው ይችላል።

ሐሳቡን ቀድመው ካነሱት አንዱ ሬይ በዲ የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ወደ ሕዝብ ጆሮ የደረሰው ግን የመምህራን ማኅበር መሪው አልበርት ሻንከር በ1988 በዋሽንግተን ናሽናል ፕሬስ ክለብ ባደረገው ንግግር ነበር። ሻንከር ያለመው መምህራን አዲስ ዘዴ የሚሞክሩባቸው ትናንሽ ትምህርት ቤቶችን ነው፤ ነገሩ ሌላ መልክ ሲይዝ ግን ራሱ ተቃዋሚ ሆነ። ሚኔሶታ በ1991 የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች፤ በ1992 ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ሲቲ አካዳሚ ትምህርት አቋርጠው የነበሩ ወጣቶችን ተቀብሎ ተከፈተ። ዛሬ በአሜሪካ ወደ 8 ሺሕ የሚጠጉ ቻርተር ትምህርት ቤቶች አሉ፤ 3.7 ሚሊዮን ገደማ ልጆች ይማሩባቸዋል። በዲሲ በሕዝብ ገንዘብ ከሚማሩት ልጆች ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው በቻርተር ውስጥ ናቸው።

ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖረው በዲሲና በዙሪያዋ ነው፤ የሚኔሶታዎቹ መንትያ ከተሞችም ቢሆኑ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ሆነዋል። የዲሲ መሥሪያ ቤቶች በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የትምህርት ቤት ዕጣ ማመልከቻውም በአማርኛ መመሪያ አለው። አንድ ቤተሰብ እስከ 12 ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል ይጽፋል፣ ከዚያ ዕጣውን ይጠብቃል። ብዙ ወላጅ የሚመርጠው የሰፈሩን ሰው ጠይቆ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ ሰምቶ፣ የድረ ገጹን ቁጥር አይቶ ነው። ቁጥሩ እንዴት እንደመጣ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያንን ቁጥር አይቶ ምን እንዳደረገ ግን ከማመልከቻው ላይ አይነበብም።

በቻርተር ዙሪያ ያለው ክርክር ብዙ ጊዜ «ይሻላሉ ወይስ አይሻሉም?» የሚል ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የክሬዶ ማዕከል በ2009 ባወጣው ጥናት በሒሳብ ትምህርት ከአቻዎቻቸው የተሻሉት ቻርተሮች ከመቶ 17 ብቻ ነበሩ፤ 37ቱ ባሱ፣ የቀሩት አልተለያዩም። በ2023 ያው ማዕከል የቻርተር ተማሪዎች በአማካይ በዓመት በንባብ የ16 ቀን፣ በሒሳብ የ6 ቀን ትምህርት ያህል ብልጫ እንዳላቸው ጻፈ። አማካዩን ትተን ልዩነቱን ካየን፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች አንዱ ሲገሰግስ ሌላው ይሰምጣል። ሁለቱም ነፃነት ተሰጥቷቸዋል፤ ሁለቱም ፈተና ይፈተናሉ። ልዩነቱን ሁሉ በአንድ ምክንያት ማስረዳት አይቻልም። የፈተናውን ወረቀት ከተቀበሉ በኋላ ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚያደርጉ ማወቅና አለማወቅ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማሳቹሴትስ ይህንን ቀድማ ካሰበችባቸው ግዛቶች አንዷ ናት። ሕጓ በ1993 ወጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ቻርተሮች በ1995 ተከፈቱ፣ የፈቃዱ ዘመን አምስት ዓመት ሆነ። ግዛቲቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ግብ ሰፍራ አልሰጠችም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን የተጠያቂነት ዕቅድ ይጽፋል፤ በየዓመቱ ያንኑ ዕቅድ ይዞ ሪፖርት ያቀርባል፤ በአምስተኛው ዓመት የሚመዘነው በጻፈው ልክ ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ ልጆቹ ይማራሉ ወይ? ተቋሙ በገንዘብም በአመራርም ጸንቶ ይቆማል ወይ? በውሉ ለገባው ዓላማ ታማኝ ነው ወይ?

ሲነገር ቀላል ነው። ዕቅዱን ለመጻፍ የተቀመጡት ግን በአብዛኛው መምህራን፣ ወላጆችና የሰፈር አንቀሳቃሾች ነበሩ፤ ልጅ ማስተማር ያውቁበታል፣ ግብ መጻፍ ግን ማንም አላስተማራቸውም። እገዛ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እንዴት እንደሚሆን ለማየት የምናብ ትምህርት ቤት እንውሰድ፤ ሁለት መቶ ልጆች ያሉት፣ የተከራየው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ።

ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ርዕሰ መምህርቷ፣ ሦስት መምህራን፣ ከቦርዱ የመጣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛና ለእገዛ የተጠራች አማካሪ ጉልበታቸውን አጥፈው በልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አማካሪዋ ከውሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፦ «ተማሪዎቻችን ንባብን የሚወዱና በብቃት የሚያነቡ ይሆናሉ።»

«መፈጸሙን በምን ታውቃላችሁ?»

«እናየዋለን እንጂ!» ትላለች የሁለተኛ ክፍል መምህርቷ። «ልጆቹ መጽሐፍ ከእጃቸው አይለይም።»

«እሺ፣ እናንተ ታያላችሁ። ከእናንተ ጋር የማልውለው እኔ በምን ልመን?»

ዝምታ ይሆናል። ከዚያ አንዱ መምህር፣ «ከመቶ 80 ተማሪዎች የግዛቱን የንባብ ፈተና ያልፋሉ እንበል» ይላል። ሁሉም ይስማማል፤ ቁጥር ያለበት ነገር ደስ ይላል። የሒሳብ ሠራተኛው ግን እጁን ያወጣል። «አሁን ስንት ያልፋሉ?» ማንም አያውቅም። ፋይሉ ሲከፈት 41 ሆኖ ይገኛል። በአንድ ዓመት ከ41 ወደ 80 መዝለል ተስፋ እንጂ ግብ አይደለም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ «አልተሳካም» ብሎ ይጽፍና ያደገበትን ልክ እንኳ ሳያይ ያልፋል።

ክርክሩ ይቀጥላል። ባለፈው ወር ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ይቆጠር? ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆዩትን ለይተን እንይ፣ አዲሶቹንም ለብቻ እንመዝግብ፣ ነገር ግን ማንንም አንደብቅ ይባላል። እንግሊዝኛ ገና የሚማሩትስ? ከጀመሩበት እስከ ደረሱበት ያለው ዕድገት ይለካ። የንባብ ፍቅር የሚለውስ? ርዕሰ መምህርቷ ልትሰርዘው ትዘጋጃለች፤ አማካሪዋ ትከለክላታለች። «እርስዎ ይህን ትምህርት ቤት የከፈቱት ለዚህ አይደል? የማይለካ የሚመስለውን ሁሉ ከሰረዙ የሚቀርዎት ፈተናው ብቻ ነው።» ስለዚህ ሦስት ትናንሽ ማስረጃዎች ያወጣሉ፦ በየክፍሉ በፈቃድ የተወሰደ መጽሐፍ ብዛት፣ በዓመቱ መጨረሻ ለልጆችና ለወላጆች የሚቀርብ አጭር መጠይቅ፣ ከልጆቹ የንባብ ማስታወሻ ደብተሮች በዘፈቀደ የተመረጡትን ሁለት መምህራን ሳይመካከሩ ማረም።

የመጨረሻው በጣም አስተማሪ ነው። ሁለቱ መምህራን ለአንድ ደብተር አንዷ አራት፣ ሌላው ሁለት ይሰጣሉ። አንዷ የልጁን ሐሳብ አየች፤ ሌላው የፊደል ግድፈቱን። «ጥሩ ጽሑፍ» ሲሉ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር የሚሉ መስሏቸው ነበር። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚነሳው ሙግት፣ ለፈቃድ ሰጪው ከሚላከው ሪፖርት ይልቅ ማስተማሩን ይቀይረዋል። በፈተና ብቻ ላለመለካት ብዙ የደከሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። የትምህርት ምሁሩ ቴድ ሳይዘር ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት፣ በማሳቹሴትስ ዴቨንስ በ1995 የተከፈተው ፍራንሲስ ፓርከር ተማሪውን ከአንድ ምድብ ወደ ቀጣዩ የሚያሻግረው የሥራ ስብስቡን አቅርቦ፣ በሰው ፊት ቆሞ ካስረዳ በኋላ ነው። ይህ ዘዴ የሚያምነው ግን መምህራኑ አንድን ሥራ አይተው ተቀራራቢ ፍርድ እስከሰጡ ድረስ ነው።

ግብ ከተጻፈ በኋላ የሚመጣው ወጥመድ የተካፋዩና የአካፋዩ ነው። ያው የምናብ ትምህርት ቤት አድጎ ሁለተኛ ደረጃ ከፈተ እንበል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፦ ከተመራቂዎቻችን መቶ በመቶ ኮሌጅ ገብተዋል። ተመራቂዎቹ 54 ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል የገቡት 90 ነበሩ። ከ54ቱ ስምንቱ በመሀል የመጡ ናቸው። ስለዚህ ከ90ዎቹ እዚህ የደረሱት 46 ናቸው፤ ከግማሽ በጥቂት የሚበልጡ። ባነሩ አልዋሸም። ግን 44ቱ የት ሄዱ? ሰፈር ቀየሩ፣ ተባረሩ፣ ትምህርቱ ከበዳቸው፣ ወይስ «ይህ ትምህርት ቤት ለልጅዎ አይሆንም» ተባሉ? ራሱን መገምገም የተማረ ትምህርት ቤት ባነሩን ከማሰቀሉ በፊት የሄዱትን ልጆች ስም ዝርዝር ያወጣል። ዲሲ ከ2013 ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ በመሀል ዓመት የለቀቁና የገቡ ልጆችን፣ ከትምህርት የታገዱትንም ቁጥር የሚያሳይ ሪፖርት ማውጣቷ ለዚህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ አካፋዩን መደበቅ ከባድ ሆኗል።

ቁጥር ብቻውን ሲነግሥ ምን እንደሚሆን ያችው ከተማ ራሷ አይታዋለች፤ ያውም በቻርተር ሳይሆን በመደበኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት። በ2017 የባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች በሙሉ ኮሌጅ ተቀበላቸው ተብሎ አገር ሙሉ ተጨበጨበ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጋዜጠኞች ገብተው ሲያዩ፣ ከተመራቂዎቹ ግማሾቹ ያለ ፈቃድ ከሦስት ወር በላይ ከትምህርት ገበታ ቀርተው ነበር። በቀጣዩ ጃንዋሪ የወጣው ከተማ አቀፍ ምርመራ በዚያ ዓመት ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከተመረቁት ከሦስት አንዱ ገደማ ዲፕሎማ ያገኘው ደንቡ ተጥሶ መሆኑን ገለጸ። መምህራኑ ያውቁ ነበር፤ የተናገሩም ነበሩ። የሚሰማቸው ግን አልነበረም፤ ከላይ የሚጠየቀው የመቶኛው ልክ ብቻ ነበርና።

በዚህ ምክንያት የውጭ ዓይን ያስፈልጋል። ራሱ ፈትኖ ራሱ የሚያርም ሁሉ ለራሱ ያዳላል፤ ክፋት ባይኖርበትም እንኳ።

ማሳቹሴትስ ለፈቃድ እድሳት የላከቻቸው ቡድኖች ሥር የሚመዘዘው ከእንግሊዝ የኢንስፔክሽን ልማድ ነው። ቶማስ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ የእንግሊዝን አሠራር አጥንቶ በ1996 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ቡድኑ የሚሰባሰበው ከመምህራንና ከቀድሞ ርዕሳነ መምህራን ነው፤ ለጥቂት ቀናት ይገባሉ። ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ደብተር ያገላብጣሉ፣ ልጆችን፣ ወላጆችንና የቦርድ አባላትን ለየብቻ ያነጋግራሉ። ማታ አንድ ክፍል ዘግተው ይከራከራሉ። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ማስረጃ የሌለው ዓረፍተ ነገር አይጻፍም፣ ማስረጃውም ከአንድ ምንጭ ብቻ ከሆነ አይበቃም። አንዷ፣ «መምህራኑ ይዋደዳሉ» ካለች፣ «የት አየሽው? ማን ነገረሽ? ሌላስ ማን?» ትባላለች። ፈቃዱ ይታደስ አይታደስ ቡድኑ አይወስንም፤ ያየውን ጽፎ ይሄዳል።

የዲሲው ቦርድም የራሱ መላ አለው። ቻርተሩ 15 ዓመት ነው፤ በየአምስት ዓመቱ ይገመገማል። ከግምገማው በፊት ታዛቢዎች ክፍሎችን ይጎበኛሉ፤ ትምህርት ቤቱ የሁለት ሳምንቱን ጊዜ ያውቃል፣ ቀኑን ግን አያውቅም። ሌላው ብልሃት ደግሞ ስልክ ነው። የቦርዱ ሠራተኞች ወላጅ መስለው ይደውሉና፣ «ልጄ ልዩ ድጋፍ የሚፈልግ ነው፤ ማመልከት እችላለሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ስልክ የምታነሳው ሠራተኛ «እዚህ ባይመጣ ይሻለዋል» ካለች፣ ትምህርት ቤቱ ስለ ፍትሐዊነት የጻፈው ምዕራፍ ሁሉ በአንዲት ጥሪ ይፈርሳል። እኔ ርዕሰ መምህር ብሆን ቦርዱን ሳልጠብቅ ራሴ አስደውል ነበር።

ይሁንና ራስን መገምገም በትእዛዝ ሲሆን እንዴት እንደሚበላሽ የምታሳየውም እንግሊዝ ናት። የኢንስፔክሽን መሥሪያ ቤቷ ኦፍስቴድ በ2005 አካባቢ ትምህርት ቤቶች የሚሞሉት ረጅም የራስ ግምገማ ቅጽ አመጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ርዕሳነ መምህራን ቅጹን ለመሙላት ሌሊት የሚያድሩ፣ ኢንስፔክተሩ ሊያነብ የሚፈልገውን ቃል የሚለቅሙ ሆኑ። በ2011 ቅጹ ቀረ። ስኮትላንድ በ1996 የጀመረችው መንገድ የተለየ ነበር፤ «ትምህርት ቤታችን ምን ያህል ጥሩ ነው?» የሚል የጥያቄ መጽሐፍ ለትምህርት ቤቶች ሰጠች፣ ኢንስፔክተሮቹም ራሳቸው ያንኑ መጽሐፍ ተጠቀሙ። ፈታኙና ተፈታኙ አንድ መጽሐፍ ሲይዙ መደባበቁ ይቀንሳል።

ለእኛ ይህ አደጋ እንግዳ አይደለም። ግምገማ ሲባል ስንቱ ኢትዮጵያዊ የሚያስታውሰው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ የሌላውን ጉድለት መዘርዘርን፣ ግለ ሂስ ሲባልም የማያስጠይቀውን ትንሽ ጥፋት መርጦ መናዘዝን ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት የዚያ ስብሰባ አጀንዳ ሊሆን ይችል ነበር። የተናገርከው ወደ ግል ማኅደርህ እንደሚገባ ካወቅህ እውነቱን አትናገርም። የአሜሪካ ቻርተሮችም ችግር ይኸው ነው። «የሦስተኛ ክፍል ሒሳባችን ወድቋል፣ ምክንያቱንም አላወቅንም» ብሎ በሐቅ የጻፈ ትምህርት ቤት፣ ወረቀቱ ነገ ለመዝጊያው ውሳኔ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። ጎረቤቱ ያለው ትምህርት ቤት «አመርቂ ጅምር ታይቷል» ብሎ ይጽፍና ሰላም ያድራል።

መፍትሔው ቅጣቱን ማስቀረት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ልጅ የማይማርበት ቤት መዘጋት አለበት፣ ዲሲም ባለፉት ሦስት ዐሥርታት ብዙ ቻርተሮችን ዘግታለች። ሁለቱን ወረቀቶች መለየት ግን ይቻላል። ለፈቃድ ሰጪው የሚቀርበው ቀድሞ በስምምነት የተጻፉ ጥቂት ግቦችና ውጤታቸው ይሁን፤ ቁጥሩ እንደ ወጣ ይቅረብ። መምህራኑ ማታ ተቀምጠው «ለምን ወደቅን?» ያሉበት ማስታወሻ ግን የቤቱ ይሁን። ፈቃድ ሰጪው ያንን ማስታወሻ ማንበብ አያስፈልገውም፤ መኖሩን ብቻ ይጠይቅ። «ባለፈው ዓመት የትኛውን ነገር አይታችሁ ምን ቀየራችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይበቃዋል።

እገዛው መቼ ይምጣ የሚለውም ከእገዛው ዓይነት ያላነሰ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት አማካሪ የሚጠራው እድሳቱ ሲቃረብ፣ በአራተኛው ዓመት ነው። ያኔ የሚሠራው የማስረጃ ለቀማ ነው፤ የጠፋውን የመጀመሪያ ዓመት ፈተና ማንም መልሶ አያመጣውም። መሆን ያለበት በተቃራኒው ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ሴፕቴምበር ልጆቹ ከየት እንደጀመሩ ይለካ፣ በሁለተኛው ዓመት የሌላ ቻርተር መምህራን መጥተው ያለ ነጥብና ያለ ደረጃ ይጎብኙ፣ በሦስተኛው ዓመት ተራው የዚህኛው ይሁንና እሱም ሌላውን ይጎብኝ። ሌላውን ትምህርት ቤት ሁለት ቀን በማስረጃ ሲመለከት የዋለ መምህር ወደ ክፍሉ ሲመለስ የራሱን ግድግዳ በአዲስ ዓይን ያያል። ከማንኛውም የአዳራሽ ሥልጠና ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ትናንሾቹ ትምህርት ቤቶች ሌላ ችግር አለባቸው፤ ዳታ የሚተነትን ሠራተኛ መቅጠር አይችሉም። ብዙ ካምፓስ ያላቸው የቻርተር ድርጅቶች ሙሉ ክፍል አላቸው፤ ሁለት መቶ ልጅ ያለው ቤት ግን ያለው ርዕሰ መምህሩ ማታ የሚከፍተው ኤክሴል ነው። በዲሲ እንደ ኢምፓወር ኬ12 ያሉ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች የትምህርት ቤቶችን መረጃ አቀናብረው የሚነበብ አድርገው ያቀርባሉ፤ ሸክሙን ያቀልሉታል። የዚህ ዓይነት እገዛ ስጋቱም አብሮት አለ፦ ትንታኔው ከውጭ በስሎ ሲመጣ መምህራኑ ግራፉን ያደንቁና ይበተናሉ። ጥሩዎቹ አጋዦች ግራፉን ከማሳየታቸው በፊት፣ «ምን የምታዩ ይመስላችኋል?» ብለው ግምታቸውን ያጽፏቸዋል። ግምቱና ግራፉ ሲለያዩ ነው ውይይቱ የሚጀመረው።

ቦርዱስ? የቻርተር ቦርድ እንደ አገር ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) መምህርና ወላጅ ለማገናኘት ብቻ የተቋቋመ አይደለም፤ የገንዘቡም፣ የውሉም፣ የርዕሰ መምህሩ ቅጥርና ስንብትም ኃላፊ እሱ ነው። አባላቱ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ ናቸው፤ ጠበቃ አለ፣ የባንክ ሰው አለ፣ ጡረታ የወጣ መምህር አለ። ብዙዎቹ የሚመጡት ትምህርት ቤቱን ስለሚወዱ ነው፤ መውደዳቸውም አንዳንዴ መጠየቅን ያስረሳቸዋል። ርዕሰ መምህሩ ያማረ ስላይድ ያቀርባል፣ ያመሰግናሉ፣ ያጸድቃሉ። ቦርድን ማሠልጠን ማለት በአብዛኛው አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ማስለመድ ነው፦ የተመዘገበ ልጅ ከታቀደው ጋር፣ በባንክ ያለው ገንዘብ ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ በየቀኑ የሚቀሩ ልጆች፣ በዓመቱ መሀል የለቀቁ መምህራን፣ የንባብና የሒሳብ ዕድገት። በየወሩ ያችው ገጽ፣ በዚያው ቅርጽ። ቅርጹ ከወር ወር ከተቀየረ መውረዱ አይታይም።

በዲሲ ሕግ መሠረት በእያንዳንዱ የቻርተር ቦርድ ውስጥ ቢያንስ ሁለት አባላት በትምህርት ቤቱ የሚማር ልጅ ወላጆች መሆን አለባቸው። እነዚህ ወንበሮች ለኢትዮጵያውያን ወላጆችም ክፍት ናቸው። ደሞዝ የላቸውም፤ ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ቀን ምሽት ስለሆነ ከታክሲውም፣ ከሆስፒታሉም፣ ከመኪና ማቆሚያውም ፈረቃ ጋር ይጋጫል። አባል መሆን ላልቻለ ወላጅም ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ቃለ ጉባኤውን ጠይቆ ማንበብ ይችላል። አስተርጓሚ የሚፈልግ ወላጅ በዕለቱ ሳይሆን አስቀድሞ ለትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ቢያመለክት ይሻላል። ሄዶ መጠየቅ ያለበትም ምን ያህል ልጆች እንዳለፉ ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት የለቀቁት ስንት እንደሆኑ፣ የት እንደሄዱና ትምህርት ቤቱ ደውሎ ጠይቋቸው እንደሆነ ነው።